በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ያለው ዘይት ብቻ ከሆነ መኪናውን የሚጎትተው ምንድን ነው?

ጀማሪ_መካኒክ
ሰላም ለሁላችሁ። ማኑዋል ካምቢዮ በደንብ ይገባኛል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዲስኩ ከቮላኖው ይላቀቃል፣ ሲለቀቅ ይጣበቃል፤ ያለቀ ነገር ነው። አውቶማቲክ ላይ ስደርስ ግን ይጠፋብኛል። ቀይ መብራት ላይ ማርሹ «ዲ» ላይ ነው፣ ሞተሩ እየሠራ ነው፣ መኪናው ቆሟል። ሞተሩ ግን አይጠፋም። ኮርስ ላይ «በመሃል ፍሉይድ ካፕሊንግ አለ፣ ዘይቱ ያስተላልፋል» ተባልንና ታለፈ። ዘይት ያንሸራትታል እንጂ ይይዛል እንዴ? ደግሞ አንዱ ፍሉይድ ካፕሊንግ ይላል፣ ሌላው ቶርክ ኮንቨርተር ይላል። አንድ ዕቃ ናቸው ወይስ ሁለት?

ሩቅ_ተጓዥ
ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጥ። አንዱን ሶኬት ላይ ሰካ፣ ሌላውን ተወው። የተሰካው ሲዞር ያልተሰካውም ይዞራል። በቃ ይኸው ነው።

አሮጌ_ቮላኖ
የቬንትሌተሩ ምሳሌ ለመነሻ አይከፋም፤ እሱ ላይ ከቆምክ ግን ያሳስትሃል። ቬንትሌተር ነፋሱን ፊት ለፊት ይገፋል፣ ነፋሱም ክፍሉ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ካፕሊንግ ውስጥ ግን ዘይቱ የትም አያመልጥም። መንገዱም ሌላ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለት ጎድጓዳ ብረቶች አፍ ለአፍ ገጥመው ይቀመጣሉ። በመሃላቸው ቀጭን ክፍተት አለ፤ አይነካኩም። በሁለቱም ውስጥ ከመሃል ወደ ጠርዝ የተዘረጉ ቀጥ ያሉ ክንፎች አሉ። አንዱ ከሞተሩ ጋር ታስሯል፣ ፓምፕ እንበለው። ሌላው ወደ ካምቢዮ ከሚገባው ዘንግ ጋር ታስሯል፣ እሱ ተርባይን ነው። ሁለቱም ያሉበት ቤት ውስጥ ዘይት አለ።

ሞተሩ ፓምፑን ሲያዞር በክንፎቹ መሃል ያለው ዘይት አብሮ ይዞራል። የሚዞር ነገር ወደ ውጭ መሸሽ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዘይቱ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይወረወራል። ወደ ጠርዝ በቀረበ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ጠርዙ ላይ በአንድ ዙር የሚሸፈነው መንገድ ረጅም ነው። ይህን ፍጥነት የሰጠው ሞተሩ ነው። ጠርዝ ላይ ሲደርስ መሄጃ ስለሌለው ክፍተቱን ተሻግሮ ተርባይኑ ውስጥ ይገባል። እዚያ የቆመ ወይም ቀስ ብሎ የሚዞር ክንፍ ያገኛል። ይገፋዋል። በተርባይኑ ውስጥ ከጠርዝ ወደ መሃል እየመጣ ያንን ፍጥነት ያስረክባል። ከዚያ መሃል ላይ ተመልሶ ወደ ፓምፑ ይገባል፣ እንደገና ይወረወራል።

ስለዚህ «ዘይት ይይዛል እንዴ?» ላልከው፣ አይይዝም። ሥራውን የሚሠራው ክብደቱና ፍጥነቱ እንጂ ውፍረቱ አይደለም። ወፍራም ዘይት ብትጨምርበት ዝውውሩ ይዳከማል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀጠን ያለ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጀማሪ_መካኒክ
አሁን ገና መብራት በራልኝ። አንድ ነገር ግን አለ። ተርባይኑ እየፈጠነ ሄዶ ፓምፑን ሲያክልስ? ያኔ እንደ አንድ ብረት ይሆናሉ ማለት ነው?

ፊዚክስ_ወዳድ
እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኩል ከዞሩ ምንም አይተላለፍም። ዜሮ።

ለምን መሰለህ? ፓምፑ ዘይቱን ወደ ውጭ ይወረውራል ተባለ። ተርባይኑም እኮ እየዞረ ነው፤ እሱም ውስጡ ያለውን ዘይት ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለቱ እኩል ሲገፉ ጠርዙ ላይ ተፋጠው ይቀራሉ። ማንም ወደ ማንም አያልፍም። ዘይቱ ከቤቱ ጋር ይዞራል እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ካልተሻገረ ደግሞ የሚያደርሰው ጉልበት የለም። ተርባይኑ ሁልጊዜ ትንሽ ወደኋላ መቅረት አለበት። ይህ መንሸራተት እንደ ጉድለት ሲቆጠር እሰማለሁ። ጉድለት አይደለም፣ ዕቃው የሚሠራው በሱ ነው።

ቁጥር እናስገባበት። በሜዳማ መንገድ በአንድ ፍጥነት ሲነዳ መንሸራተቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ ነው። 3 በመቶ እንውሰድ። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ተርባይኑ 2910 ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ የሚሰጠው 12 ኪሎዋት ቢሆን 360 ዋቱ ዘይት ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል፤ ቀሪው ያልፋል።

ልብ በል፣ የጠፋው ዙር ነው እንጂ ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ አይደለም። በዚህ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ቶርክና የሚወጣው ቶርክ ምንጊዜም እኩል ናቸው። ሁለት አካል ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይቀበላል፣ ትርፍ የሚመጣበት ቦታ የለም።

ሚኒሞ
ታዲያ ቀይ መብራት ላይስ? መንሸራተቱ መቶ በመቶ ነው። ሞተሩ የሚሰጠው ሁሉ ሙቀት ይሆናል ማለት አይደል? ለምን አይቃጠልም?

ፊዚክስ_ወዳድ
ሁሉም ሙቀት ይሆናል፣ ትክክል ነህ። የሚያድነው ነገር ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ዝግ ብሎ ሲዞር፣ የሚሰጠው ጥቂት መሆኑ ነው። የሚተላለፈው ቶርክ ከዙር ካሬ ጋር ይሄዳል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ቶርኩ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሲቀንስም በዚያው ልክ ነው። ለምሳሌ ተርባይኑ ቆሞ ፓምፑ 2000 ሲዞር 100 ኒውተን ሜትር የሚያስተላልፍ ካፕሊንግ በ700 ዙር የሚያስተላልፈው ወደ 12 ብቻ ነው። ፍሬኑን ለቀቅ ስታደርግ መኪናው በራሱ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀሰው በዚያች ትንሽ ግፊት ነው። ፍሬኑ ያለ ጭንቅ ይይዛታል፣ ሞተሩም አይጠፋም።

አሁን በዚያው ካፕሊንግ ፍሬን ረግጠህ ነዳጁን እስከ 2000 ዙር ጫነው። 100 ኒውተን ሜትር በ2000 ዙር ማለት 21 ኪሎዋት ገደማ ነው። ሁሉም ወደ ዘይቱ ይገባል። ውስጡ 6 ኪሎ ዘይት ቢኖር፣ የዘይት አንድ ኪሎ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ ወደ 2 ኪሎጁል ይፈልጋል። ብረቱ የሚወስደውን ትተን በየሰከንዱ 1.75 ዲግሪ ይጨምራል። በአንድ ደቂቃ ከ100 ዲግሪ በላይ! የስቶል ምርመራ (እንዲህ ፍሬን ተረግጦ ነዳጅ እየተሰጠ የሚደረገው ፍተሻ) ሲሠራ ከ5 ሰከንድ አትለፉ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ዝም ልበል። ቶርኩ ከዲያሜትር ጋር የሚሄደው በአምስተኛ ኃይል ነው። ዲያሜትሩን 10 በመቶ ብታሳድገው የመሸከም አቅሙ 61 በመቶ ይጨምራል። ሲታይ ከሌላው ብዙም የማይለይ ካፕሊንግ እጅግ ትልቅ ሞተር ሲሸከም ብታይ አትገረም።

ብሎን_ፈቺ
ተቆርጦ የተከፈተ አንድ ካፕሊንግ እጄ ላይ ገብቶ ክንፎቹን ቆጥሬ አውቃለሁ። የፓምፑና የተርባይኑ ቁጥር እኩል አይደለም። መጀመሪያ ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ መሰለኝ። ሆን ተብሎ ነው። እኩል ቢሆኑ ሁሉም ክንፎች በአንድ ጊዜ ይተላለፉና ዘይቱ በምት በምት ይገፋል፤ ንዝረት ይመጣል። ቁጥሩ ሲለያይ ምቱ ይበታተናል።

ሩቅ_ተጓዥ
ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ለምን በማኑዋል ካምቢዮ ላይ አይገጠምም? ሞተር አይጠፋም፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን አይቃጠልም። ሁለት ወፍ ነው።

አሮጌ_ቮላኖ
ተገጥሞ ያውቃል። ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ፣ ምክንያቱም መልሱ እዚያ ውስጥ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከመኪና አይደለም፣ ከመርከብ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 መብቱን ሲያስመዘግብ ይሠራ የነበረው ሽቴቲን በሚገኘው የፉልካን መርከብ ፋብሪካ ነበር። ችግሩ የእንፋሎት ተርባይን በጣም ሲፈጥን መርከቡን የሚገፋው ፕሮፔለር ደግሞ ዝግ ብሎ መዞር መፈለጉ ነው። በመሃል ፈሳሽ አስገባ።

ወደ መኪና ሲመጣ ግን አንድ ችግር ተፈጠረ። ካፕሊንግ መቼም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ያቺ በሚኒሞ የምትቀር ትንሽ ግፊት ሁልጊዜ አለች። በተራ ማኑዋል ካምቢዮ ላይ ብትገጥመው ማርሽ ልትቀይር ስትል ዘንጉ አሁንም እየተጎተተ ነው፤ ጥርሶቹ ይንጫጫሉ፣ ማርሹ አልገባም ይላል።

እንግሊዞቹ ይህን በሌላ መንገድ ዞሩት። ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1930 ፈሳሹን ቮላኖ (ካፕሊንጉን ነው እንዲህ የሚሉት) ከዊልሰን ካምቢዮ ጋር አጣመረ። ያ ካምቢዮ ፕላኔታዊ ነው፣ ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው፣ ማርሹ የሚያዘው በቀበቶ ፍሬን ስለሆነ ጥርስ ከጥርስ አይጋጭም። የለንደን አውቶቡሶች ለረጅም ዓመታት በዚህ ዓይነት ሠርተዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ክራይስለር በ1939 ፍሉይድ ድራይቭ ብሎ ካፕሊንጉን አስገባ፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉን ግን አላነሳም። ማርሽ ለመቀየር ይረገጣል፤ ለመቆምና ለመነሳት ግን አያስፈልግም። አየህ፣ ሁለቱንም መሸከም ነው።

በገፍ የተሠራው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ሃይድራማቲክ ነው፤ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ወጣ። አራት ማርሽ ነበረው፣ በመሃሉ የተቀመጠውም ንጹህ ካፕሊንግ ነው፣ ቶርክ ኮንቨርተር አይደለም። ብልሃታቸው የሚገርመኝ ከፍ ባሉት ማርሾች ነው፦ ጉልበቱን ከፊሉን በብረት በቀጥታ አሳልፈው ከፊሉን ብቻ በዘይቱ ይልካሉ። በዘይቱ የሚሄደው ሲቀንስ መንሸራተቱም ይቀንሳል። ጠንካራነቱ ደግሞ በጦርነቱ ታየ፤ ኤም5 ስቱዋርት ታንክ ሁለት የካዲላክ ሞተር ከነሃይድራማቲኮቻቸው ይዞ ወጥቷል።

ጀማሪ_መካኒክ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ ልመለስና፣ ኮንቨርተሩ ምኑ ይለያል?

አሮጌ_ቮላኖ
በሦስተኛው አካል ነው። ስቴተር ይባላል፤ በፓምፑና በተርባይኑ መሃል፣ ዘይቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ተቀምጧል።

ፊዚክስ_ወዳድ «ሁለት አካል ብቻ ካለ ትርፍ አይመጣም» ያለውን ያዝ። ቶርክ ለማብዛት ሦስተኛ መደገፊያ ያስፈልጋል። ኮንቨርተር ላይ የተርባይኑ ክንፎች ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ የተጣመሙ ናቸው። ዘይቱ ሲገባ ወደፊት ነው፤ ሲወጣ ግን ጥምዙ ወደኋላ አዙሮ ይልከዋል። ፈሳሽን አቅጣጫ ማስቀየር ማለት ከማስቆም የበለጠ ግፊት ማግኘት ነው። ተርባይኑ ተጠቀመ። ችግሩ፣ ወደኋላ የዞረው ዘይት እንዲሁ ፓምፑ ላይ ቢደርስ የሞተሩን ዙር ይቃወማል። እዚህ ጋ ስቴተሩ ይቀበለውና አቅጣጫውን እንደገና ወደፊት ያቃናል። ዘይቱ ፓምፑን እየረዳ ይገባል። ስቴተሩ ይህን ለማድረግ የካምቢዮው ቤት ላይ መደገፍ አለበት፤ ትርፉ ቶርክ የሚመጣው ከዚያ ድጋፍ ነው። በተራ መኪና ኮንቨርተር ላይ መኪናው ሲነሳ ቶርኩ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይደርሳል።

መኪናው ሲፈጥን ደግሞ የዘይቱ አቅጣጫ ይለወጣል። ተርባይኑ ከፓምፑ ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶ ሲደርስ ዘይቱ ስቴተሩን ከጀርባው መምታት ይጀምራል። ያኔ ስቴተሩ ግትር ብሎ ቢቆም እንቅፋት ነው። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክላች ላይ ተቀምጧል፤ ከፊት ሲመታ ይይዛል፣ ከኋላ ሲመታ ይለቅና አብሮ ይዞራል። ከለቀቀ በኋላ ኮንቨርተሩ ተራ ፍሉይድ ካፕሊንግ ሆኖ ይሠራል። ጥያቄህ እዚህ ይዘጋል፦ ኮንቨርተር የሚባለው ዕቃ በከፊል ጊዜው ካፕሊንግ ነው።

ብሎን_ፈቺ
ይቺ የአንድ አቅጣጫ ክላች ስትበላሽ የሚመጣው ምልክት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ንድፈ ሐሳቡ በቀጥታ መኪናው ላይ ይታያል።

በሁለቱም በኩል የምትለቅ ከሆነ ስቴተሩ አይደገፍም፣ ቶርክ አይበዛም። መኪናው ሲነሳ ይሞታል፣ ዳገት ያስለቅሰዋል፤ ከፈጠነ በኋላ ግን ጤነኛ ነው። በተቃራኒው በሁለቱም በኩል ተጣብቃ ከቀረች አነሳሱ አሪፍ ነው፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ግን ይታፈናል፣ ዘይቱም ይሞቃል። ሁለቱንም ሰው «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ነው ይዞት የሚመጣው። ካምቢዮው ሳይጠረጠር ስንት ኢንጀክተር ታጥቧል።

ሚኒሞ
ዘመናዊዎቹ ላይ ደግሞ ሎክ አፕ አለ። እሱስ?

ፊዚክስ_ወዳድ
ያ ቅድም ያልነው የ3 በመቶ መንሸራተት በረጅም መንገድ ነዳጅ ነው። ስለዚህ መኪናው ከተረጋጋ በኋላ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ የፍሪሲዮን ዲስክ ተርባይኑን ከቤቱ ጋር ያጣብቀዋል። ዘይቱ እረፍት ይወጣል፣ ግንኙነቱ ብረት ለብረት ይሆናል። የፓካርድ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ አልትራማቲክ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን ይዞ ወጥቷል፤ አዲስ የሚመስለው ነገር የቆየ ነው።

ብሎን_ፈቺ
እና ዘይቱ ሲያረጅ ይቺው ዲስክ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። በአንድ ፍጥነት፣ ነዳጅ ገፋ ሳይደረግ፣ መኪናው ኮረኮንች ላይ እንደገባ ያህል ድርርር ይላል። ሰው ጎማ ያስመዝናል፣ ሻማ ይቀይራል። ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ፦ ባዶ መንገድ ላይ፣ ድርርሩ ሲመጣ፣ ነዳጁን ሳትለቁ የፍሬን ፔዳሉን በግራ እግር የፍሬን መብራት እስኪበራ ብቻ ነካ አድርጉት። የፍሬን ማብሪያው ምልክት ሲደርሰው ኮምፒውተሩ ሎክ አፑን ይለቃል። ድርርሩ ወዲያው ከጠፋ ጎማውን ተዉት።

ቁልቁለት
ከባድ መኪና ነጂ ነኝ። እናንተ ስለ መጎተት አወራችሁ፣ እኔ ስለ መያዝ ላውራ። ሪታርደር የምንለው ዕቃ ይሄው ካፕሊንግ ነው። ልዩነቱ አንዱ ግማሽ አይዞርም፣ ከቤቱ ጋር ታስሯል። ሌላው ከጎማው ጋር ይዞራል። ማንሻውን ስትስበው የአየር ግፊት ዘይቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የሚዞረው የቆመውን ለማዞር ይታገላል፣ አይሳካለትም፣ መኪናው ይያዛል። የሚያልቅ ሸራ የለም።

የካሬው ሕግ እዚህም አለ፣ በእግሬ አውቀዋለሁ። በፍጥነት ስትወርድ ጉልበቱ ኃይለኛ ነው፤ መኪናው ዝግ እያለ ሲሄድ ሪታርደሩም እየላላ ይሄዳል። ጨርሶ አያቆምህም። ሊቆም ሲል የእግር ፍሬን ግድ ነው። አዲስ ነጂ በሪታርደር ብቻ መብራት ላይ ለመቆም ሲሞክር አይቼ ልቤ ዘለለች።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ዘይቱን አሙቆ መጨረሻ ላይ የሚወጣው በሞተሩ ውሃ በኩል ነው። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንስ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ይበል፣ የውሃ ፓምፑ በደንብ ይግፋ። በትልቅ ማርሽ ሞተሩን አስተኝተህ ሪታርደር ላይ ከተንጠለጠልክ ውሃው ይሞቃል፣ ሲስተሙ ራሱ ሪታርደሩን ይቀንስብሃል። ያውም መሃል ቁልቁለት ላይ።

ሩቅ_ተጓዥ
የኔ ጓደኛ ፎር ዊል መኪናው ላይ ያለው ካፕሊንግ «ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ነው የሚይዘው» ብሎ ይምላል። አሮጌ_ቮላኖ ደግሞ ወፍራም ዘይት ይጎዳል አለ። ማን ልክ ነው?

ፊዚክስ_ወዳድ
ሁለቱም፣ ምክንያቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ዕቃ ነው። የጓደኛህ ቪስከስ ካፕሊንግ ነው። ውስጡ ክንፍ የለም፤ ቀጫጭን ሰሃኖች ተራ በተራ ተደርድረዋል፣ በመሃላቸው ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አለ። እዚያ የሚሠራው የፈሳሹ መጎተት ነው። የራዲያተር ፋን ላይ ያለውም የዚያ ዘመድ ነው። እኛ የምናወራው ግን የሚወረወር ዘይት ነው።

ሚኒሞ
አንድ የመጨረሻ። ባትሪ ሲሞት ማኑዋሉን ገፍተን እናስነሳለን። አውቶማቲኩን ለምን አይሆንም? ዘይቱ ከተርባይን ወደ ፓምፕስ አይወረወርም?

አሮጌ_ቮላኖ
ካፕሊንጉ ራሱ እንቢ አይልም። ጎማው ተርባይኑን ካዞረ ዘይቱ በተቃራኒው ይዞርና ሞተሩን ይገፋል። የሚከለክለው ከኋላው ያለው ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሹን የሚይዙት ክላቾች የሚጨመቁት በዘይት ግፊት ነው። ግፊቱን የሚሰጠው የዘይት ፓምፕ (ከካፕሊንጉ ፓምፕ ሌላ ነው) የሚዞረው ደግሞ በኮንቨርተሩ ቤት፣ ማለትም በሞተሩ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ማርሽ አይገባም፤ ጎማው ቢዞርም እንቅስቃሴው ተርባይኑ ጋ አይደርስም። የጥንቶቹ እንደ ሃይድራማቲክ ያሉት በጎማው በኩል የሚዞር ሁለተኛ ፓምፕ ከኋላ ነበራቸው፤ እነሱን ገፍቶ ማስነሳት ይቻል ነበር። በኋላ ያ ፓምፕ ቀረ።

ብሎን_ፈቺ
በዚያው ምክንያት የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እያሉ አውቶማቲክ መኪና አታስጎትቱ። ሞተሩ ጠፍቶ ዘይት ሳይረጭ ውስጡ ይዞራል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ወይ ጎማዎቹን አንሱ፣ ወይ ጠቅላላው ይጫን።

ኮንቨርተር ፈታችሁ የምትመልሱ ደግሞ፦ ሦስት ቦታ መግባት አለበት፤ የተርባይኑ ጥርስ፣ የስቴተሩ ጥርስ፣ መጨረሻ ላይ የዘይት ፓምፑ መያዣ። እያዞራችሁ ወደ ውስጥ ስትገፉት በየተራ ዘጭ ይላል። መጨረሻውን ሳይገባ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በብሎን ስባችሁ ካጠበቃችሁት የዘይት ፓምፑ ይሰበራል። ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ኮንቨርተሩ በእጅ ላላ ብሎ ሲዞር ማየት አለባችሁ።